አሳማ ሲበር

ደባርቅ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ዛሬ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ዝናብ ሻይ ቤቴ አስገባት። ዶፍ ዝናብ ነው ለማለት በእንግሊዝኛ “ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው” ብላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሷም “አሳማ ሲበር” የሚል አባባል አስተማረችኝ፤ መቼም አይሆንም ማለት ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ የጣመኝ ትምህርት የለም!

ማታ ባሌ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ መሳቂያ አደረግሽን። ይኼን እንግሊዝኛሽን መቼ ነው የምትተዪው?” አለኝ።

“ዌን ፒግስ ፍላይ!”

ትርጉሙን ስነግረው አማተበ። “በፍልሰታ ጾም አሳማ ትጠሪያለሽ?”

“ጠራሁት እንጂ መች በላሁት!”

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሳቅ፤ እኔ እንደሆን አልተውም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደው የጨነቅ መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሴትዮዋ ነገም እዚሁ ናት። እመቤቴ ዝናቡን ታቆይልኝ።