አውቶብሱ አንተን የጠበቀበት ጠዋት

ማትዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ድሮ ስንጻጻፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁን እሱን ልጠይቅህ አልችልም፤ ሌላ አጀማመር ደግሞ አላውቅም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። በድዬሃለሁ። ስምህን አጥፍቻለሁ፣ ያውም በሰው አገር፣ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው ፊት። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ ስለ ቤታችን ልንገርህ። ሲያትል ጥግ ያለችው ዴ ሞይናችን እንደተውካት ናት፤ አውሮፕላኖቹ አሁንም ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። ሳራ በየእሁዱ ትመጣና መጀመሪያ ፍሪጁን ከፍታ ታያለች። ልጅህ እኔን መቆጣጠሯ ነው፤ መብላት አለመብላቴን ማየቷ ነው። እኔም እንዳትነቃብኝ ቅዳሜ ወጥ ሠርቼ፣ የበላሁ እንዲመስል ትንሽ ቀንሼ አስቀምጣለሁ። የሥራ ጃኬትህ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የወጥ ቤቱ ሰዓት ግን አንተን አጥቷል። የቤቱን ሰዓት ሁሉ አስር ደቂቃ ታስቀድም አልነበር? መጋቢት ላይ ሰዓት ሲቀየርም ወንበር እየጎተትክ የምታስተካክለው አንተ ነበርክ። ዘንድሮ የነካው የለም። ስለዚህ አስር ደቂቃ ይቀድም የነበረው ሰዓት አሁን ሃምሳ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔም መጨረሻ የነካው ያንተ እጅ ነው ብዬ ተውኩት። ብቸኝነቱ ከብዶኛል ማትዬ። ቤቱ ውስጥ «ቶሎ በይ!» የሚለኝ ሰው የለም።

ያቺን «ቶሎ በይ» እንዴት እጠላት እንደነበር ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶብስ ስትነዳ ኖረህ፣ ሰዓት ደምህ ውስጥ ገብቶ ነበር። «የሐበሻ ቀጠሮ» ሲባል እንደ ስድብ ነበር የምትቆጥረው። ሠርግ በአሥራ አንድ ሰዓት ተብለን ከተጠራን በአሥራ አንድ ሰዓት እንደርሳለን፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ወንበር እንኳ አልተደረደረም፤ አንተ ኮትህን አውልቀህ ትደረድራለህ። እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል አንተ መኪና ውስጥ ሆነህ ክላክስህን ታስጮሃለህ፣ እኔ ደግሞ በመስኮት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» እልሃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «ፈረንጁ ማቴዎስ» ይልህ ነበር፤ አንተም ደስ ይልህ ነበር፣ አትካድ።

ሌቨንዎርዝ የወሰድከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተህ፣ ተራራ መሃል የጀርመን መንደር አስመስለው የሠሩትን ከተማ አሳየኸኝ። አበባ የተንጠለጠለበትን በረንዳ ሁሉ እያየሁ ስገረም «ይሄ ቅጂው ነው፤ ዋናውን አሳይሻለሁ» አልከኝ። እኔ እንደ ቀልድ ረሳሁት፣ አንተ አልረሳኸውም። ጡረታ በወጣህ በወሩ፣ ለክረምቱ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ ፍራንክፈርት ላይ አድረን፣ በአስጎብኚ አውቶብስ ሃይደልበርግ የምትባለውን ጥንታዊ ከተማ አይተን እንድንመለስ ቦታ ያዝክ። «አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ይንዳ፤ እኔ በመስኮት ልይ» አልከኝ። የሁለት ሰው። ወረቀቱን አትመህ ሰማያዊ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥከው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንተ አልነበርክም።

ሳራ «ማሚ፣ ካንስል እናድርገው። ኦር ኮል አድርጌ የአንድ ሰው ላስደርገው፤ ብቻሽን ትችያለሽ?» አለችኝ። እኔ ራሴ እደውላለሁ አልኳት። አልደወልኩም። ለመደወል ምክንያቱን መናገር ነበረብኛ።

ለካ ስለ ራሴ የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። ያረፍክ ዕለት ጠዋት ከሆስፒታል «ሂጂ አረፍ በይ» ብለው ቤት ልከውኝ ሳለ፣ ጎህ ሲቀድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አምስት ሆነው መጡ። መኪና አቁመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እነሱ አደረጉት። ለሥራ ቤትህ፣ ለጎረቤት፣ ለሆሳዕና ዘመዶችህ፣ ለሁሉም የተናገሩት እነሱ ናቸው። ያገራችን ደንብ ነው፣ ቆንጆም ደንብ ነው፤ መርዶ ሐዘንተኛው አይናገርም። እኔ ማልቀስ ብቻ ነበር ሥራዬ። እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ሲያልፍ፣ ለካ አንዲት ቀን እንኳ መሞትህን በገዛ አፌ ተናግሬ አላውቅም።

ይህን ያወቅኩት ፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አውቶብሱ በር ላይ ቆሜ ነው። ሆሳዕና፣ እህትህ አልማዝ ጋ ለቅሶ ልደርስ እየሄድኩ ነበር። አስጎብኚዋ ክላራ የምትባል ረጅም ሴት ናት፤ ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። «ሁለት ሰው ነው የሚለው፤ ሌላው የት አለ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ዞር ብዬ የሚናገርልኝ ሰው ፈለግኩ። ሽማግሌ የለ፣ ሳራ የለች፣ ነጠላ የለበሰ ሰው የለ። አፌን ከፈትኩና «ይመጣል» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ክላራ «ኦኬ፣ እንጠብቀዋለን» ብላ ፈገግ አለችልኝ። ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ። አስር ደቂቃ። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ክላክስ አደረገ። ከኋላዬ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እውነቱን ልናገር ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ የሆነውን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው። እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። የመንገዱን ማዕዘን ትክ ብዬ አየሁ። እንዳንተ ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው ብቅ ሲል ልቤ ዘለለች። ለአሥራ አምስት ደቂቃ አልሞትክም ነበር ማትዬ፤ አርፍደህ ብቻ ነበር። እንደዚያን ቀን ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

ክላራ መጥታ ከዚህ በላይ መጠበቅ እንደማይቻል፣ በጣም እንዳዘነች ነገረችኝ። «በባቡር ይደርስብናል» አልኳት። ሁለተኛ ውሸት።

ከተማዋ እንዳልከው ዋናዋ ናት። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ከላይ ደግሞ ከቀይ ድንጋይ የተሠራው ቤተ መንግሥት። ግማሹ ፈርሷል። ክላራ እንዳለችን ሊመልሱት አልፈለጉም፤ እንደፈረሰ ይጠብቁታል፣ እንዳይብስበት ብቻ ይደግፉታል። እሱን ስሰማ ብዙ ቆምኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ እንደ ቤት የሚያህል የወይን በርሜል አለ፤ አንተ ብትኖር «ይሄን ማን ያጥበዋል?» ብለህ ትጠይቅ ነበር፤ እኔም ልጠይቅልህ ፈልጌ አፈርኩ። መንገዱ ሁሉ ኮብልስቶን ነው፣ ጉልበቴን ጨረሰው። ድልድዩ ጫፍ ላይ መስታወት የያዘ የነሐስ ጦጣ አለ፤ ሰው ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። አንዲት ከአውቶብሳችን የሆነች አሮጊት ስልኬን ተቀብላ አነሳችኝ። በኋላ ሳየው ለካ ወደ ቀኝ ጥግ ተጠግቼ፣ ግራ ጎኔን ላንተ ትቼ ነው የቆምኩት።

ክላራ በየመሃሉ «ባለቤትሽ ደወለ?» ትለኛለች፤ እኔ አልደወለም ለማለት ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ምሳ ላይ ያቺ አሮጊት አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው። የኔም እድሜ ልኩን ሲያስጠብቀኝ ነው የኖረው» አለችኝ። ያኔ ውስጤ ነደደ። አንተን! ወንበር ሳይደረደር የምትደርሰውን ሰው! በሕይወትህ ሳለ ማንም ሊልህ ያልቻለውን፣ ከሞትክ በኋላ የገዛ ሚስትህ አስባለችህ። ሹካዬን አስቀመጥኩት።

ቀጥሎ የአንድ ሰዓት ነፃ ጊዜ ሰጡን፣ በአስር ሰዓት አውቶብሱ ጋ እንድንገናኝ። ሰዉ ሱቅ ለሱቅ ተበተነ። እኔ ወንዙ ዳር ተቀምጬ መሞትህን የምናገርበትን እንግሊዝኛ ተለማመድኩ። ሁለት ሦስት ቃል ናት፤ አልወጣ አለችኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፤ አንተ ብትሆን የምትነሳበት ጊዜ ነበር። ተነሳሁ። ከሁሉም ቀድሜ፣ አስር ደቂቃ ሲቀር ደረስኩ። እዚያ የነበሩት ክላራና ሹፌሩ ብቻ ናቸው።

«ባሌ ሞቷል» አልኳት። «ሰባት ወር አልፎታል። ጠዋት ይመጣል ያልኩት ውሸቴን ነው። ደግሞ እወቂልኝ፣ ማቴዎስ አርፍዶ አያውቅም።»

ክላራ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። «ምነው በነገርሽኝ፤ አንጠብቅም ነበር እኮ» አለች፤ ከዚያ ራሷን አርማ «አይ፣ እንኳንም ጠበቅነው» አለች። እንባዬ መጣ። ሹፌሩ ምን እንደሆንኩ ጠየቃት፤ በጀርመንኛ ነገረችው። ስልኬን አውጥቼ የሥራ ጃኬትህን ለብሰህ፣ መሪህ ላይ ሆነህ የተነሳኸውን ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን ጠርጎ ብዙ አየህና አንድ ነገር ተናገረ። «የሙያ ጓደኛዬ ነው ይልሻል» አለችኝ፤ «ጠዋት ክላክስ በማድረጌም ይቅርታ ይላል።» አንተም በሱ ቦታ ብትሆን ታደርገው እንደነበር እንድትነግርልኝ ለመንኳት። ሰውየው ሳቀ፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አሮጊቷ ስትመጣም ነገርኳት። አቀፈችኝ። ልክ አስር ሰዓት ሲሆን ሹፌሩ በሩን ዘግቶ ተነሳ፤ አንዲት ደቂቃ አላሳለፈም። ደስ ይልህ ነበር።

ሆሳዕና ስደርስ አልማዝ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ወንድሜ ምን ሆነብኝ?» ስትል፣ ዞር ብዬ የሚናገርልኝ ሰው አልፈለግኩም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ ነገርኳት።

ትናንት ወንበር ጎትቼ የወጥ ቤቱን ሰዓት አስተካከልኩት፤ ልክ እንዳንተ አስር ደቂቃ አስቀደምኩት። ሳራ ዛሬ መጥታ አየችውና እዚያው ቆማ አፍንጫዋን ጠረገች። ቤቱ አሁንም ባዶ ነው፤ እሱን አልዋሽህም። ግን በዚህ ቤት ያ ሰዓት እኔ እስካለሁ ድረስ ያንተን ሰዓት ይቆጥራል፤ ስምህን ለሚያነሳ ሁሉም ማቴዎስ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር ራሴ በአፌ እነግረዋለሁ።

ይቅር በለኝ። አንተ አላረፈድክም፤ እንደ ልማድህ ቀድመህ ደርሰህ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ። እመጣለሁ ማትዬ። እስከዚያው ግን አደራህን፣ ክላክስ አታድርግብኝ።