አሳማ የታረደላቸው ኮዳዎች፦ የአቶ ሉሺያን ሃሪጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሉሺያን ሃሪጋ ከአባታቸው ከአቶ ሃሪጋ ቶቫሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦሬሮ በኦሮ አውራጃ በሳዋሪ መንደር እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለዱ። ቀኑን የጻፈው የለም። እናታቸው ግን ጃፓኖችና አውስትራሊያውያን በጎደሬ ማሳችን ላይ ተዋግተው ካለፉ በኋላ፣ እንደገና የተተከለው ጎደሬ ሲደርስ ነው የወለድኩት ይሉ ነበር።

በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈችው ባለቤታቸው ሮዳ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ደጅ አልረገጠችም። ስለዚህ ያማረ ቃል የፈለገ ሌላ ቀብር ይሂድ፤ እዚህ የሚነበበው እውነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮዳን በቤተ ክርስቲያን አገቡ። በዚያው ዓመት ማሳ ሲቆፍሩ ከጎደሬ ሥር አንድ የወታደር የውሃ ኮዳ አወጡ። ጎኑ ላይ በሚስማር የተጫረ ስም ነበረበት። ሌላው ሰው የወታደር ሳህን የዶሮ መጠጫ ሲያደርግ፣ እሳቸው ጭቃውን በውሃ ብቻ አጥበው ስሙን በጣታቸው ሲዳስሱ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ አርፈው አልተቀመጡም። እግረኛ ወታደር በላዩ ይዞ የመጣውን ሁሉ ይሰበስቡ ጀመር፦ ኮዳውን፣ የስንቅ ከረጢቱን፣ የብረት ቆቡን፣ ቀበቶውን፣ ምሽግ መቆፈሪያ አካፋውን። ጥይትና ቦምብ ግን አይነኩም ነበር።

በእኛ ዘንድ ከማሳ የወጣ ሁሉ የባለማሳው ጎሳ ነው። አቶ ሉሺያንም ከሌላ ጎሳ መሬት አንድ ኮዳ ባገኙ ቁጥር አሳማ ያርዳሉ፤ ባለመሬቶቹን ይጠራሉ፤ ዕቃውን መሃል አስቀምጠው ያበላሉ፤ የበላ ዕቃውን ለቀቀ ማለት ነው። አሳማዎቹን ያሳደገችው ማን ናት? ሮዳ ናት። ከራሷ ስኳር ድንች ቀንሳ ያደለበችው አሳማ ለዛገ ኮዳ ሲታረድ ምን ትል እንደነበር መንደሩ ያውቃል፤ በቀብር ላይ አይደገምም። ጎረቤቷ ዴልማ ደግሞ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ “ሮዳዬ፣ ባልሽ ዛሬ ደግሞ ስንት ቆርቆሮ ወለደልሽ?” ትላት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ነጋዴ ከዋና ከተማው ከፖርት ሞርስቢ መጥቶ በር ላይ መኪና አቆመ። የሦስት ጎሳ ጎረምሶች አሻራ ያረፈበት ወረቀት ዘረጋ፤ ከመሬታችን የወጣው ዕቃ የእኛ ነው፣ ሸጠንልሃል የሚል ነው። አቶ ሉሺያን የሠላሳ ሦስት ዓመት ድካማቸው በአንድ ከሰዓት ሊጫን መሆኑን ሲያዩ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሮዳ እንዲያ ሆነው ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ኋላ ግን ተነሡ። መንደሩን ሁሉ አስጠርተው በደጃቸው አስቀመጡና አሳማ የታረደለትን የመጀመሪያውን ኮዳ ብድግ አደረጉ።

“ይሄ ሲመጣ የበላ ማነው?” አሉ።

ቀድማ የተነሣችው ያችው ምላሰኛ ዴልማ ናት።

“ወረቀቱ ላይ አሻራውን ያኖረው ልጄ ነው” አለች። “ያኔ አልተወለደም። የበላሁት እኔ ነኝ። ሥጋውን እኔ፣ አጥንቱን ውሻዬ። ታዲያ አሁን ኮዳው የኛ ነው ብዬ የሮዳን አሳማ ከሆዴ ላውጣላት?”

ሳቁ ሲበርድ ሌላው ተነሣ፤ ቀጥሎም ሌላው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የበላ ሰው ተገኘ፤ የበላው ቢሞት ልጁ ተነሣለት። ሳዋሪ ውስጥ የበላ አይክድም። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ነጋዴውም ወረቀቱን አጥፎ ባዶ መኪናውን ነዳ። ሮዳ ስለ አሳማዎቿ የተናገረችውን ሁሉ ያን ቀን ዋጠች። ሁሉን እንኳ አይደለም፣ ግማሹን።

በዓመቱ እነዚያው ሦስት ጎሳዎች እንጨት ተሸክመው ለዕቃዎቹ ቤት ሠሩ። የወታደሮቹ የልጅ ልጆች ከጃፓንም ከአውስትራሊያም እየመጡ ስም ይፈልጉ ጀመር፤ አራት ቤተሰብም አገኘ። አቶ ሉሺያን ያገኘውን ሰው ከወንዙ ቀድተው በዚያው በአያቱ ኮዳ ያጠጡት ነበር።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ከአንድ ዓመት በላይ ሲታመሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2016 በሰባ ሦስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። አምስት ልጆችና አሥራ አራት የልጅ ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሮዳም አለች፤ ገና አልደከማትም።

ስማቸው እንዳይጠፋ የጠበቁላቸው ወታደሮች ውሃ ሞልተው መንገድ ላይ ይቀበሏቸው። እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን ከጥላው ሥር ያሳርፍ።

ወረቀት ይዞ የሚመጣ ነገም አይጠፋም። ስለዚህ ዕቃዎቹ ዛሬ በሙሉ ከሬሳ ሣጥናቸው ጎን መሃል ላይ ተደርድረዋል፤ የታረደውም የሮዳ ትልቁ አሳማ ነው። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ ብሉ።