ወደ ታች የምትቆፍረው ዋኔ

ማክሰኞ

ዋኔን አባረሯት። ጠዋት ሥራ ገብቼ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። «ዋኔ ከቡድኑ ተወግዳለች» ይላል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሯል።

ቡድናችን በስልክ ሥዕል የሚሥሉና የጡብ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች የተሰባሰቡበት ነው። ፊት ለፊት የሚተዋወቅ የለም፤ ሁሉም በቅጽል ስም ነው። እኔ ጠጠር ነኝ። መሪያችን ሻለቃ ይባላል፤ አዳማ የሚማር ተማሪ ነው። ጨዋታው ውስጥ ገብተን ጡብ በጡብ አንድ ከተማ እየሠራን ነው። ሌላው ሁሉ ፎቅ ይቆልላል። ዋኔ ብቻ አለት ፈልጋ ከላይ ወደ ታች ትፈለፍላለች። ጣሪያው ከመሬት እኩል፣ በሩ ጉድጓድ ውስጥ። የላስታ ሰው መሆኗን ሳትነግረኝ ያወቅኩት በዚህ ነው። ስጠይቃት «ታዲያ ቤት በሌላ በምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች።

ጥፋቷ የሻለቃን ቤተ መንግሥት ማፍረሷ ነው። ከክረምት ጀምሮ የለፋበትን ግድግዳ ሰርስራ በወዲያ በኩል ወጣች። ያውም ደጋግማ። ሲጠይቋት ዝም። ሰሞኑን የላከቻቸው ሥዕሎችም ፊቱ አረንጓዴ፣ ቀለሙ ከመስመር የወጣ ነው። «እየቀለደችብን ነው» አሉ።

ዋኔ በሥዕል አትቀልድም። ጥላ እንዴት እንደሚጣል ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ረቡዕ

የምሠራበት ሆቴል ባዶ ነው። የክፍሎቹን ቁልፍ አውርጄ አቧራውን ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩ። አስጎብኚዎቹ ደጁ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር እንግዳ ይቀራል።

የዋኔን የድምፅ መልእክቶች ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማኋቸው። ያኔ ያላስተዋልኩት ብዙ ነው። መጻፍ ትታ ድምፅ ብቻ መላክ ጀምራለች። ሥዕል ስልክላት «ምን ምን አለበት? ንገሪኝ እስቲ» ትለኛለች። አንዱ ላይ እያወራች መሐል ላይ ታቃስታለች፤ ከዚያ «ምንም አይደል፣ ጭስ ነው» ትላለች።

ደግሜ ሰማሁት።

ጻፍኩላት፤ አልደረሳትም። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ገነተ ማርያም እንደምትኖር፣ አባቷም ቄስ እንደሆኑ አንዴ ነግራኛለች። ነገ ተራዬ አይደለም፣ እሄዳለሁ። ግን ምን ብዬ? «በስልክ ነው የማውቃት» ስል እንዴት ያዩኝ ይሆን?

ሐሙስ

እግሬ ውኃ ቋጥሯል። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወሰደኝ፤ የቀረውን በእግሬ። ስልክ ላይ ሥዕል የምትሥል የቄስ ልጅ ብዬ ስጠይቅ አንዲት ውኃ የተሸከመች ሴት ወዲያው አወቀቻት። «የቄስ ሞላን ጥሩወርቅ ነው? ዓይኗን ያመማትን?»

ቄስ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ከወዴት ነሽ የኔ ልጅ?»

«ከላሊበላ ነኝ አባ። የጥሩወርቅ ጓደኛ ነኝ።»

«እናቷ ከሞተች ወዲህ ከቤት አትወጣም። የት ተዋወቃችሁ?»

«በስልክ ነው አባ።»

ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። ፈራሁ። ከዚያ «እንግዲያ የምታስቂያት አንቺ ነሽ» አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

ጨለማው ውስጥ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ጎትታ ተቀምጣለች። ብርሃን ይወጋታል። ድምፄን ስትሰማ «ጠጠር?» አለች።

የዓይን ማዝ ነው። የሽፋሽፍቷ ፀጉር ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኗን ሲፍቃት ኖሯል። በወረንጦ ትነቅለዋለች፤ ይበቅላል፤ ትነቅለዋለች። ግራ ዓይኗ ነጭ ለብሷል። ቀኙ ደም መስሎ እንባ ያፈሳል። ጠበል ተጠምቃለች። ጤና ጣቢያም ሄዳ መድኃኒት አልቋል ተብላ ተመልሳለች።

«ግድግዳውን አላየሁትም» አለችኝ። «አለት መስሎኝ ነው የቆፈርኩት።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እታለም፣ እዚያ ጨዋታው ውስጥ እኮ ደኅና ሰው ነኝ።»

ስወጣ አባቷን ለመንኳቸው። «ጠበሉም አይቋረጥ አባ፣ ሐኪምም ይያት። ነገ ይዘዋት እኔ ዘንድ ይምጡ።» «መምጣቱንስ እንመጣለን፤ ዘግይተን እንዳይሆን እንጂ» አሉ።

ዓርብ

ዘግይተናል።

በበቅሎ አመጧት። ያያት ሐኪም ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን ግን አላለሳለሰውም። ግራው አይመለስም። ቀኙ ብሌኑ ላይ ቁስል ጀምሯል፤ የዓይን ሐኪም ባስቸኳይ ካላየው እሱም ይሄዳል። የዓይን ሐኪሙ ያለው ወልድያ ነው። የሚጨመር ጠብታ ሰጠን።

ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ትናንት ተኩስ ነበር። መናኸሪያ ወርጄ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱ «የራሴንም ልጅ ይዤ አልወጣም» አለኝ።

ሁለቱም እኔ ቤት አርፈዋል። አባ ግቢ ቆመው ይጸልያሉ። እኔም ሞከርኩ፤ ንዴት ብቻ ወጣኝ። በሻለቃ፣ በመንገዱ፣ በሚተኩሱት ሁሉ።

ቅዳሜ

አሁንም መኪና የለም።

ጥሩወርቅ ስልኬን ጠየቀችኝና ለቡድኑ ድምፅ ቀዳች። «ዋኔ ነኝ። ሻለቃ፣ ግድግዳህን ያፈረስኩት ስላላየሁት ነው። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።» ድጋሚ ልቅዳው እንኳ አላለችም።

ጠበቅን። ሻለቃ መልሶ ድምፅ ላከ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ለምን አልነገርሽንም? እኔ እኮ... ለምን?» ወዲያው ወደ ቡድኑ መለሳት። እሷ ወደ እኔ ዞራ «ብነግራቸው ያዝኑልኝ ነበር እንጂ አብረውኝ አይጫወቱም ነበር» አለች። ብዙዎቹ የልቅሶ ምልክት ልከው አለፉ። አንዱ «ውሸቷን ነው» ብሎ ጻፈ። እሱን አላነበብኩላትም።

ትንሽ ድል ግን አለ። ከሰዓት ተጫወትን። ስልኩ በእኔ እጅ፣ ትእዛዙ ከእሷ። «ወደ ታች። ገና ነሽ፣ ወደ ታች። አሁን በግራ መስኮት ክፈቺ።» አባ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና «ምንድን ነው የምትቆፍሩት?» አሉ።

«ቤት ነው አባ።»

«ማን ሊገባበት?»

«የመጣ ሁሉ» አለች ጥሩወርቅ።

እሑድ

ሕመሙ ብሷል። ምግብ አልቀመሰችም። «ቀኙም ጉም ለበሰብኝ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ አባቷ እንዳይሰሙ። እሳቸው ሰምተዋል። ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ግድግዳ ተደግፈው ዋሉ።

ሰኞ

ሄዱ! እህል አራግፎ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ተገኘ። መንገዱ ለዛሬ ተከፍቷል አሉ፤ ለነገ የሚያውቅ የለም። ሹፌሩ የአባን መስቀል ተሳልሞ ሁለቱንም ጋቢና አስገባቸው። ከመውጣቷ በፊት ፊቴን በጣቶቿ ዳሰሰችኝ። «አፍንጫሽ ካሰብኩት ይረዝማል» አለች። ሁላችንም ሳቅን። መኪናው ሲታጠፍ እንባዬ መጣ።

ከሰዓት ኔትወርክ ጠፋ። ደርሰው ይሁን መንገድ ላይ ቀርተው አላውቅም።

ሐሙስ

ኔትወርክ መጣ፤ ወዲያው ስልኬ ጮኸ። በጥሩወርቅ ስልክ የደወሉት ቄስ ሞላ ናቸው። በሰላም ገብተዋል። ወደ ውስጥ የዞረውን የዓይኗን ቆብ ወደ ውጭ መልሰው ሰፍተውላታል፤ ቁስሉን እያከሙት ነው፤ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። «ሐኪሙ ፋሻው ሲነሣ እናያለን አለን» አሉኝ። «ያያል አላለንም። አያይም አላለንም።» ግራውን ግን እርማችሁን አውጡ ብለዋቸዋል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ያን ጨዋታ እንዴት ነው የሚከፍቱት? ግባልኝ፣ ያለውን ንገረኝ እያለች ነው። ጣቴ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አንዱን ስነካ ሌላው ይከፈታል» አሉ።

የት እንደሚነካ፣ በየት በኩል እንደሚኬድ ነገርኳቸው። ሳልጨርስ መስመሩ ተቆረጠ።

ጨዋታውን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሻለቃም ሌሎቹም ገብተዋል። ቆይቶ «ዋኔ ገብታለች» የሚል ወጣ። አደባባዩ መሐል ቆመች። ሰማይ ሰማዩን አየች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ዞረች።

ሻለቃ «ዋኔ፣ አንቺ ነሽ?» ብሎ ጻፈ።

«አባቷ ናቸው፤ እሷ አጠገባቸው ናት» ብዬ መለስኩ።

ሁሉም የያዙትን ጡብ አስቀምጠው ወደ ዳር ወጡ። መንገዱን ለቀቁላቸው። ቄስ ሞላ ሊራመዱ ሲሉ ባሉበት ቆመው አንዴ ዘለሉ። ትንሽ ቆዩና፣ እንደገና ዘለሉ።