ሄዶ ለማያውቅ ደንበኛ ደወል አይደወልም

ለባለ ክንፉ ስልክ መደብር የደንበኞች ታማኝነት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎንና በመደብርዎ ውስጥ የተሰቀለችውን ደወል በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ዕድሜ ለእናንተ፣ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

እንደማያውቁኝ ስለማውቅ ራሴን ላስተዋውቅ። ከመደብራችሁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ክንፍ የተሳለበትን ስልካችሁን መያዝ የጀመርኩት መደብራችሁ ገና ሳይከፈት፣ ሰዎች ክንፉን እያዩ የዶሮ መኖ ማስታወቂያ ነው ወይ ብለው በሚጠይቁበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስልክ በእጄ አልገባም። ይልቁንም ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ስለ እናንተ ስሰብክ ኖሬያለሁ፤ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው ስለ ስልክ እንደማይከራከር ክቡርነትዎ ይረዱታል። ከሰፈሬ ወደ እናንተ የጎረፉት ደንበኞች ሁሉ ጢማቸው ተስተካክሎ መምጣቱን ልብ ብላችሁ እንደሆነ አላውቅም።

አሁንም ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመስኮታችሁ ላይ "የባለ ቀለበቱን ስልክ ይዘው ይምጡ፣ አዲስ ባለ ክንፍ በግማሽ ዋጋ ይውሰዱ" የሚል ማስታወቂያ በለጠፋችሁ ዕለት፣ ለባላንጣ ደንበኛ ይህ ከተደረገ ለእኔማ ምን ሊደረግልኝ ነው ብዬ፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ መንገዱን ተሻገርኩ። ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ምን ስልክ እንደያዝኩ በትሕትና ስትጠይቀኝ ጥጉ የተሰነጠቀውን ባለ ክንፌን እንደ ሜዳሊያ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። "ውይ፣ እርስዎማ የኛው ነዎት" አለችና ከኋላዬ የቆመውን ሰው ማስተናገድ ጀመረች። በልጅቷ አልቀየምኩም። "የኛው" መባል ከሰልፍ የሚያስወጣ ማዕረግ መሆኑን ስላስተማረችኝ እንዲያውም አመሰግናታለሁ። በእኔ ሙያ "የኛው" የሚባለው ሳይጠየቅ የሚቀመጥ፣ ማጅራቱ ላይ ያለችውን ኪንታሮት ሳይነግረኝ የምጠነቀቅለት ሰው ነው፤ የእናንተ ሙያ ከእኔ ሙያ የረቀቀ ስለሆነ ይሆናል ልዩነቱ።

ሁለተኛ፤ መኪና መንዳት የሚያስተምረውን የባለቤቴን ወንድም ይመለከታል። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባለ ቀለበቱን ይዞ፣ የእኔን ስልክ "ጡቡ" የሚል ስም አውጥቶለት፣ ቤቴ በመጣ ቁጥር "ዛሬስ ጡቡ ይደውላል ወይስ ግድግዳ ውስጥ ገባ?" እያለ በገዛ ልጆቼ ፊት ሲያስቅብኝ የኖረ ነው። ግማሽ ዋጋውን ሲሰማ ግን በአንድ ጀንበር ተገለበጠ። እናንተም እንዲህ አፉን ሲከፍትባችሁ የኖረውን ሰው ወንበር ሰጣችሁት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረባችሁለት፤ ለአዲስ ገቢ የምትደወለውን ደወል ደወላችሁለት፤ ሠራተኞቻችሁ ቆመው አጨበጨቡለት፤ ፎቶውንም "እንኳን ወደ ቤትዎ ተመለሱ" ከሚል ጽሑፍ ጋር መስኮታችሁ ላይ ሰቀላችሁት። መቼ ከቤቱ ወጥቶ እንደነበር አልገባኝም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ደጃፉ የኔ መሆኑን ነው ያላወቅሁት።

መስኮታችሁ ደግሞ ከመስታወቴ ፊት ለፊት ነው። ከዚያን ዕለት ወዲህ የማንንም ፀጉር ስቆርጥ ከሰውየው ትከሻ በላይ የባለቤቴ ወንድም ይስቅብኛል። በዚህም ምክንያት በአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ግራ ጆሮ ላይ መጠነኛ ጉዳት ደርሷል፤ ካሳ አልጠይቃችሁም።

በቤታችን ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ትልቋ ልጃችን የተመረቀች ዕለት ስልኬን ሳወጣ ግን ባለቤቴ "አንተ ተወው፣ ወንድሜ ያንሳን፤ የሱ ጥርት ያለ ነው" አለች። ጥርት ማለቱን አልክድም። ሁሉም እየሳቁ እኔ ብቻ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው የቆምኩበት ያ ፎቶ ቅናቴን ከነሽብሽቡ አውጥቶታል። የተነሳሁትም በእናንተው ስልክ፣ ስሰብክለት በኖርኩት ስልክ ነው። ልጄ ፎቶውን አሳየችኝና "አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሦስተኛ፤ ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው እናንተን ትቶ ባለ ቀለበቱን ከያዘ ወዲህ በየወሩ "ውድ ደንበኛችን፣ ናፍቀውናል" የሚል መልእክት ትልኩለታላችሁ፤ እሱም ሊላጭ ሲመጣ አረፋ በተቀባ ፊቱ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ለእኔ እስከዛሬ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶኝ አያውቅም። ሄጄ ስለማላውቅ ተናፍቄ አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን አባባል መመሪያ አድርጋችሁ ስለምትሠሩበት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩን ላለማድበስበስ፣ ቀንቻለሁ። በባለቤቴ ወንድም ቀንቻለሁ፤ በዳቦ ጋጋሪው ቀንቻለሁ፤ ላቡን እየጠረገ ወደ መደብራችሁ በሚገባ እንግዳ ሁሉ ቀንቻለሁ። ዋጋውን ፈልጌ እንዳይመስልዎ። መምጣቴን አይቶ አንድ ሰው ከመቀመጫው ብድግ እንዲልልኝ ነበር የፈለግሁት።

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ወደ ባላንጣችሁ ወደ ባለ ቀለበቱ መደብር ሄድኩ። ባለ ክንፌን ከኪሴ ሳወጣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ብድግ አለ። "ጌታዬ፣ እርስዎን ስንጠብቅ ነበር" ብሎ ወንበር ሳበልኝ፤ ውሃ አስመጣልኝ፤ ስሜን፣ ሥራዬን፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀኝ። አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ፤ ውሃውንም እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ግን አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ባለ ቀለበት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከባንኮኒው ጥግ ቆማ አየሁ። "እርስዎማ የኛው ነዎት እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡን" ተብላለች። ዓይኗ እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ነበር። ያንን አስተያየት የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ፤ በልጄ የምረቃ ፎቶ ላይ ነው።

ከወንበሩ ተነሳሁ። ውጭ ደረጃው ላይ ቆመን ስናወራ እሷም ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ እየለካች ስለ ባለ ቀለበቱ ስትሰብክ መኖሯን አጫወተችኝ። ወገቡ በሜትር የተያዘ ሰውም አይከራከርም ለካ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?" አለችኝ፤ "እኛ እኮ የብብቷ ነን ወንድሜ።"

መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት። ፎቶዎቻችንን አጠፋፍተን፣ ሲም ካርዶቻችንን አውጥተን፣ ስልኮቻችንን ተለዋወጥን፤ ከዚህ በኋላ እሷ ወደምትወደው መደብር፣ እኔም ወደምወደው መደብር፣ እንደ ከዳተኛ የባላንጣ ደንበኛ ሆነን መግባት እንችላለን። ባለ ክንፌን በሸሚዜ ጠርጌ ስሰጣት የጎኑ ቁልፍ ጠንከር ተደርጎ ካልተጫኑት እንደሚያስቸግር ነገርኳት። እሷም የእሷ ስልክ ሲሞቀው ራሱን እንደሚያጠፋ፣ እንዳልቆጣው፣ ትንሽ ካረፈ እንደሚመለስ አደራ አለችኝ።

ለዘመናት ስላልቆጠራችሁልኝ ታማኝነቴ፣ ስላላቀረባችሁልኝ ውሃና ስላልደወላችሁልኝ ደወል ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ብዙ ከዳተኞችን እመኛለሁ።

ሁልጊዜም የእናንተው፣ በዚሁም ምክንያት መልኬን የማትለዩት፣
የመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካይ

ግልባጭ፦
ለባለ ቀለበቱ መደብር
ለባለቤቴ ወንድም፣ በመስኮታችሁ በኩል

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ በፀጉር ቤቴ በር ላይ ተለጥፏል። ነገ ጠዋት የባለ ቀለበቱን ስልክ የያዘ አንድ ሰው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ደብዳቤውን አንብባችሁ ብትጠብቁኝም እኔ መሆኔን እንደማታውቁ ስለምተማመን ያለ ስጋት እገባለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶዬን ስትሰቅሉ፣ እባካችሁ፣ ከባለቤቴ ወንድም ፎቶ አንድ ጣት ከፍ ይበል።