የኪታቡ የመጨረሻ ቅጠል

አህመዴ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ከእስክሪብቶ መርፌ ይቀለኛል። ግን ይህን ነገር ለማንም መናገር አልቻልኩም። ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

ቤቱ እንዳለ ነው። የስፌት መኪናዬ አሁንም በረንዳው ላይ ናት። ካፖርትህን አጥብቤ ለልጃችን ለሰዓዳ ሰጠኋት፤ ትከሻው እምቢ ብሎ ዛሬም ሰፋ ይላታል። እናትህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ያው ነው፣ የማይሰሙት የለም። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ኪታቡ ነበር፣ አንተ እንዳስለመድከኝ።

ያን ኪታብ ቅድመ አያትህ ሼህ ይመር በገዛ እጃቸው ጻፉት እያልክ ኖርክ። እዚህ መካነ ሰላም ላይ ግን ከነጋዴ የተገዛ ነው የሚሉ አልጠፉም። አንድ ቀን ሰርግ ቤት ሲያወሩት ሰምተህ ምግቡን ትተህ መጣህ። እኔም ለሞተ ሰው ስም ብሎ ጾሙን የሚያድር አንተን ብቻ አየሁ ብዬ ሳቅኩብህ። ለአዋቂ አሳይቼ አፋቸውን አዘጋለሁ እንዳልክ ዕድሜህ አለቀ።

ዘንድሮ እናትህ የአዋቂውን ቃል ሳልሞት ልስማው ሲሉኝ ተነሣሁ። ኪታቡን በጋቢህ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ሄድኩ፤ መንገድ ላይ በአቀስታ ብርድ እንኳ ጋቢውን አልፈታሁትም። ደሴ ላይ የጥንት ዕቃና መጽሐፍ መርምረው በጽሑፍ የሚመሰክሩ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ አሉ። ቆዳውን ዳሰሱ፣ ጥራዙን አገላበጡ። ስፌቱን ሲያደንቁ እኔም ሰፊ ነኝና ደስ አለኝ። አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ወረቀቱ የቆየ ነው አሉ። ልቤ ተስፋ አደረገ። ከዚያ መጨረሻውን ገለጡና የመዝጊያው ቅጠል የታለ አሉኝ። ጸሐፊው ስሙን፣ አገሩንና ዓመቱን የሚያሰፍረው እሱ ላይ ነው አሉ።

አህመዴ፣ የት እንደገባ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሐኪሞቹ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ ያሉን ሰሞን ነው። እናትህ፣ ሼሁ በእጃቸው ዱዓ ጽፈው የዘጉበት ቅጠል በረካው ይበልጣልና አጥበሽ አጠጪው አሉኝ። ቁርኣን የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ሉሑ፣ ታጥቦ ለበሽተኛ ሲሰጥ እያየሁ ያደግኩ ነኝ፤ አላመነታሁም። ቅጠሉን በልብስ መቀሴ ቆርጬ ነጭ ሳህን ውስጥ ነከርኩት። ቀለሙ ጥላሸትና ሙጫ ነውና ወዲያው ለቀቀ። ውኃው የቀጠነ ሻይ መሰለ። ቢስሚላህ ብለህ በሦስት ጉንጭ ጨረስከው፤ ይመራል አልክና ፈገግ አልክ። ከየትኛው ቅጠል እንደታጠበ አልጠየቅክም፤ እኔም አልነገርኩህም። ባዶውን ወረቀት ሰው እንዳይረግጠው አጥሩ ሥር ቀበርኩት። በሦስተኛው ቀን ጥለኸን ሄድክ።

ለሽማግሌው እውነቱን ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ኪታቡን ዘጉት። የሼሁን ስም ጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። የሰጡኝ ወረቀት ጸሐፊው አይታወቅም፣ ቤተሰቡ የሼህ ይመር ነው ይላል የሚል ነው። ይላል ብቻ ከሆነማ ከሰርግ ቤቱ ወሬ በምን ተለየ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱስ ለቀቀ፤ ሞኟ ይኸው ይዤ ቀረሁ።

ስመለስ እናትህ በር ላይ ጠበቁኝ። ምን አሉሽ ልጄ ሲሉኝ ስሙ ተገኝቷል አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው አለቀሱ፣ ሳይውል ሳያድር ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሱት። አሁን የመጣው ሁሉ ወረቀቱን አሳዪን ይለኛል፤ ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ እሸሻለሁ። እውነቱን ብናገር ያስጠፉት እሳቸው መሆናቸውን ሊያውቁ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያንተ ቤት ውሸታም ሊባል ነው። መውጫው አልታየኝም፤ የሚታየኝም አይመስለኝም።

ቃል የምገባልህ ትንሽ ነገር ነው። እናትህ በሕይወት እስካሉ ይህን አይሰሙም። በየዱዓዬ ያንተንና የሼሁን ስም አብሬ እጠራለሁ፤ ሰዓዳም እንድትጠራ አስተምሬያታለሁ። ከእንግዲህ ግን ኪታቡን ለማንም አዋቂ አላሳይም። ስሙ የት እንዳለ አውቃለሁ። በእጄ አጠጥቼህ ካንተ ጋር ተቀብሯል፤ አንተንም አላተረፈልኝም።

ከድጃህ