የልዕልቷ ወገብ

ረቡዕ
ቀሚሱ አልዘጋ አለ። ልጄ ሩት በትምህርት ቤቷ ቲያትር የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ሆና ትሠራለች፤ ልብሱ ከሌላ ተማሪ የተረፈ ነው። የጀርባውን ማሰሪያ ሳብኩ፣ ሳብኩ። ላስፋው ብላት እምቢ። «ማሚ፣ ልዕልት እንዲህ ነው የምትታሰረው።»

ዐርብ
ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ውዬ ገባሁ። የሩት ምሳ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ነው። «ፋስት እያደረግኩ ነው» አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዐቢይ ጾምን ጾማ አታውቅም። አባቷ «በሰው አገር፣ ዩለስ ላይ ጻድቅ ወለድን» ብሎ ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ። ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ ነገርኳት።

ቅዳሜ
ቀሚሱ ላይ ዶቃ ስሰፋ ስለ ልዕልቷ አወራችኝ። ጠዋት ስትለብስ ወይዛዝርቱ ቆመው ያያሉ። ሸሚዟን የሚያቀብሏት በማዕረግ ተራ ነው፤ በማዕረግ የምትበልጥ ከገባች ሸሚዙ ለእሷ ይተላለፋል፤ ልዕልቷ እስከዚያ ራቁቷን ትንቀጠቀጣለች። ሥዕሏ ለሚያገባት የሌላ አገር ንጉሥ ተልኳል፤ ሥዕሉን መምሰል አለባት። ስትበላም ሰው ተሰብስቦ ያያታል።
«ሶ፣ ምን ትበላለች?» አልኳት።
«ምንም። ጓንቷን እንኳ አታወልቅም።»
ሳቅን።

እሁድ
ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀመጥን። እትዬ አልማዝ ሩትን አገላብጠው ሳሟትና «ጾሙ አምሮባታል» አሉኝ። ኮራሁ። ሩት ሳህኗን ወደ እኔ ገፋችው።
«ሰንበት እኮ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል።»
«ማለቴ... እኔ እስከ ማታ ነው።»
ማታም አልበላችም። በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርባለች።

ማክሰኞ
ቀሚሱ ዘጋ። ጠርዝና ጠርዙ ተነካክቶ ማሰሪያው ተረፈ። «ትንሽ ሳቢው» አለች፣ መስታወቱን እያየች። አከርካሪዋ በጣቶቼ ሥር ይቆጠራል። ፈታሁት።
«ለማን ነው የምትጾሚው?»
«ቲያትሩ ሲያልቅ እበላለሁ።»
ጥያቄዬ ይህ አልነበረም።

ረቡዕ
ሥራ ቀረሁ። አባቷ «ጾመች ብለሽ ሐኪም ቤት?» አለኝ። «ጾም አይደለም» አልኩት። የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።
ሐኪሟ በሩን ዘግታ ብቻዋን አነጋገረቻት። ከዚያ እኔን ጠራችኝ። ነገም እንመለሳለን።
ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ሰጠኋት። ዙሪያዋን ቃኘች። «አትዪኝ» አለች።
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያርፋል። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስታኝክ ግን አልሰማሁም።