ያልወረደው ናዳ

ዲሴ. 14፣ እሑድ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ደብተር፣ ዛሬም ተጠራሁ። ጋሽ አስራት ሶፋው ላይ ሻያቸውን ይዘዋል። "አንተ፣ በረዶው ስንት ደረሰ?" ስልኬን አወጣለሁ፤ የስኪ ሪዞርቱን፣ የበረዶ መንሸራተቻውን ሪፖርት አነባለሁ። የተኛው በረዶ ይህን ያህል፣ ሌሊት የጣለው ይህን ያህል፣ ንፋስ፣ ሰው ወደ ተራራው ከሚያወጡት ሊፍቶች የተከፈቱት። እንግሊዝኛ አይደለም የቸገራቸው፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ቶሮንቶ ታክሲ ነድተዋል። ዓይናቸው ነው የደከመው። ስለዚህ ዓይናቸው እኔ ነኝ። አይ ምርጫ!

የአባቴ ጓደኛ ናቸው። አባቴ ሲሞት ስፖንሰር አድርገው ያመጡኝ እሳቸው። ልጃቸው ሰላማዊት እዚያ ምዕራብ፣ ተራራው ላይ፣ ሪዞርቱ ኩሽና ትሠራለች። ሦስት ዓመት አልተያዩም፤ ስልክም በበዓል በበዓል ነው። ጃን. 2 እንበራለን፣ እስከ ካልጋሪ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ድረ ገጹ ከፍታ የማይስማማው ይጠንቀቅ ይላል። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ሳቁ። ማደሪያው ያለበት ከአዲስ አበባ ያንሳል፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ እነሱ ራሳቸው ይጠንቀቁ አሉ።

ዲሴ. 16፣ ማክሰ.
ትንሽ ጨመርኩ። ሪፖርቱ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፣ እኔ ሁለት ሜትር አልኩ። አመኑ። እዚያ ለሚከራዩት የበረዶ ጫማ ልክ እግራቸውን ጋዜጣ ላይ አስቁሜ በእስክሪብቶ ዞርኩት። በዚያው፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በረዶ ውስጥ ቢጠፋ እንዲገኝ አንገቱ ላይ ቃጭል ያስራል አልኳቸው። እንደ በቅሎ? አሉ። እንደ በቅሎ። ትንሽ አሰቡና፣ ቃጭሉን እነሱ ይሰጣሉ ወይስ ይዘን እንሂድ? ሽንት ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ ሳቅሁ።

ዲሴ. 19፣ ዓርብ
አልስቅም። ጠዋት ሪፖርቱን ሳነብ ምላሴን በላኝ። ናዳ ወርዷል አልኩ። የበረዶ ናዳ፣ የሠራተኞቹ ማደሪያ ላይ። ፊታቸውን ለማየት ብቻ! ሦስት ቆጥሬ ቀልዴን ነው ልል ነበር። ሁለት ላይ ተነሥተው መኝታ ቤት ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ከሰፈራችን ከፍሌሚንግደን የሚወጣው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሥራ ሄድኩ። ሄድኩ፣ ገባህ?

ማታ 12 ሰዓት። አልነገርኳቸውም። ቀኑን ሙሉ ሲደውሉላት ውለዋል፣ ሥራ ላይ ስልክ አታነሣም። ቅድም ራሷ ደወለች። ደህና ነኝ አባዬ፣ የምን ናዳ ነው አለቻቸው። ስልኩን ዘግተው አለቀሱ፣ በደስታ። ከዚያ፣ ደበቀችኝ አሉ። እናቷ የሞተች ጊዜ ፈተና ላይ ነበረች፤ እሳቸው መርዶውን ሁለት ወር ደበቋት። ቀብር አመለጣት። ኩርፊያው የዚያ ነው። እና አሁን ተራው የእሷ ነው፣ እንዳልደነግጥ ብላ ነው የደበቀችኝ ብለዋል። ናዳው ወርዷል፣ ልጄ ተርፋለች፣ አለቀ።

ዲሴ. 22፣ ሰኞ
ስለት ነበረባቸው። ያን ዕለት በር ዘግተው ለገብርኤል ተስለዋል። ልጄን ካወጣህልኝ በበዓልህ ቀን ቆሜ ተአምርህን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብለው። በዓሉ እሑድ ነው። ገብርኤል ባልሠራው ሥራ ሊመሰገን ነው። ሽማግሌው ሕዝብ ፊት ሊቆሙ ነው። በእኔ አፍ። ደብተር፣ ከአሥረኛ ክፍል ያባረሩኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። ያን ጊዜማ በር ላይ ዘፍኜ ነው የወጣሁት።

ዲሴ. 24፣ ረቡዕ
ተናገርኩ። ሽሮ እየበላን። ጋሽ፣ ናዳ የለም፣ ከአፌ ነው ያወጣሁት። እስክጨርስ ሰሙኝ። "ደውላልህ ነው አይደል? እንዲህ በልልኝ ያለችህ?" በአባቴ አጥንት ማልኩ። "ተው ልጄ፣ አትማል። ለሽማግሌ ሰው ሁሉ ይደብቃል። ፊት ለፊት የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።" ጠቅልለው አጎረሱኝ። ትልቅ ጉርሻ።

ዲሴ. 26፣ ዓርብ
ለሰላማዊት ደወልኩ፣ ሁሉን ዘረገፍኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር። እውነት አለቀሰ? አለች። አለቀሱ። እሷም ደግማ ነግራቸዋለች፤ መደበቁን ከእኔ ነው የተማርሽው ብለዋት ዘጉ። ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። "አባቴን ቤተ ክርስቲያን መሀል መሳቂያ ካደረግከው እዚህ እንዳትደርስ። ሰማህ?" ሰማሁ።

የዛሬው ሪፖርት፦ ንፋስ፣ የላይኛው ሊፍት ዝግ፣ አዲስ በረዶ የለም። እንደተጻፈ አነበብኩላቸው። አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አንተንም ማሳመር አስተማሩህ አሉ።

ዲሴ. 27፣ ቅዳሜ
መስታወት ፊት ይለማመዳሉ። የእኔም ስም አለበት። ይህ ልጅ ባይነግረኝ ኖሮ በምን አውቄ እጸልይ ነበር ይላሉ። ለቄሱ ልንገር? ቄሱ አምና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዳቦ ውስጥ ሚጥሚጣ የጨመርኩ ጊዜ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተዋል። እኔን? አያምኑኝም። ማን ያምነኛል?

ዲሴ. 28፣ እሑድ፣ ጠዋት 12፡30
ነጠላ ለብሻለሁ። ወስኛለሁ። ስለት ያለው ይቅረብ ሲባል ከእሳቸው ቀድሜ እቆማለሁ፣ ማይኩን እይዛለሁ። ለብቻ የተነገረውን ደበቁኝ ይሉታል፤ ሰው ሁሉ ፊት ራሱን የሚያዋርድ ግን ምን ሊደብቅ? ይስቁብኝ። ቃጭሉንም እኔው ልሰር። ከቤት ያስወጡኝ ይሆናል፣ ጃን. 2 ብቻቸውን ይበሩ ይሆናል። ይብረሩ። ለልጃቸው ይድረሱ።

በር ላይ ቆመው ይጠሩኛል፣ ና እንጂ አንተ፣ ረፈደ። እሺ ጋሽ! ማይኩ ሲሰጠኝ እንዳይጠፋብኝ የመጀመሪያውን ቃል ልጻፈው፦

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ጋሽ አስራት አልዋሹም። ናዳውን ያወረድኩት እ…